«ኤክስ» የተጻፈበት ዕቃ ለደጋው ጎጃም ይበቃል? ፍንዳታ ለሚያሰጋ ክፍል ዕቃ መምረጥ፣ ሰርተፊኬት ማጣራትና መትከል

ቡሬ ላይ ዱቄት ፋብሪካ የሚተክል፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ማደያ የሚከፍት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዘይት የሚያመርት ባለሀብት ሁሉ ከአስመጪው አንድ ዓይነት መልስ ያገኛል፦ «ዕቃው ኤክስ ነው»፤ ፍንዳታ ለሚያሰጋ ቦታ የተሠራ ነው ማለቱ ነው። መልሱ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ለሥራው ግን አይበቃም። ፍንዳታ ለሚያሰጋ ቦታ የተመሰከረለት ሞተር፣ መብራት ወይም ማብሪያ ማጥፊያ የተመሰከረለት ለተወሰነ ጋዝ ወይም ብናኝ፣ ለተወሰነ ሙቀት፣ ለተወሰነ የአየር ግፊትና ለተወሰነ አተካከል ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል ዕቃው የተፈተነበት ሁኔታ ውስጥ የለም ማለት ነው። በደጋው ጎጃም ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚጓደለው ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው፤ የቦታው ከፍታ። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ክፍሉንና የዕቃውን ሰሌዳ ማንበብ ያስፈልጋል።

ክፍሉን መመደብ

ዕቃ ከመጠየቅ በፊት የፋብሪካውን ንድፍ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ጋዝ፣ ትነት ወይም ብናኝ ከየት ሊወጣ እንደሚችል ነጥብ በነጥብ ምልክት ያድርጉ። ለጋዝና ለትነት ሦስት ዞኖች አሉ። ዞን 0 የሚፈነዳው ቅልቅል ዘወትር ወይም ለረጅም ጊዜ የሚገኝበት ነው። ዞን 1 በመደበኛ ሥራ ላይ አልፎ አልፎ የሚፈጠርበት ነው። ዞን 2 በመደበኛ ሥራ የማይጠበቅበት፣ ቢፈጠርም ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚቆይበት ነው። ለብናኝ ተመሳሳዮቹ ዞን 20፣ 21 እና 22 ይባላሉ። የጋዙ ምደባ በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን (አይኢሲ) ስታንዳርድ 60079-10-1፣ የብናኙ በ60079-10-2 ይሠራል።

በነዳጅ ታንክ ውስጥ ከነዳጁ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ዞን 0 ነው። የመቅጃ ማሽኑ የፓምፕ ክፍልና የታንኩ ጉድጓድ ዞን 1 ይሆናሉ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጉድጓድና ቦይ ውስጥ ይተኛል። በዱቄት ፋብሪካ ደግሞ የኤሌቬተሩ ውስጥ፣ የሳይሎው ውስጥና የአቧራ ማጣሪያው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ዞን 20 ናቸው። የጆንያ መሙያው አፍ ዙሪያ 21፣ ከዚያ ራቅ ያለውና ዱቄት የሚያርፍበት ወለል 22 ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች ይታያሉ። አንዱ ፋብሪካ ሕንፃውን በሙሉ «ዞን 1» ብሎ ለማያስፈልግ ዕቃ ገንዘብ ያፈሳል፤ ሌላው ምንም ሳይመድብ በተራ ሶኬት ይሠራል። ከሁለቱም የሚሻለው መፍትሔ ርካሽ ነው፤ ፓኔሉን፣ የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ኢንቨርተርና ማብሪያ ማጥፊያውን ከዞኑ ውጭ፣ ንጹሕ አየር ባለበት ክፍል ማስቀመጥ። ዞኑ ውስጥ የሚገባው የግድ እዚያ መሆን ያለበት ብቻ ይሁን።

ሰሌዳውን ማንበብ

አንድ ሞተር ላይ «ኤክስ ዲቢ ሁለት-ቢ ቲ4 ጂቢ» የሚል በላቲን ፊደል ተቀርጾ ያገኛሉ (ሁለቱ በሮማን ቁጥር ነው የሚጻፈው)። እያንዳንዱ ቁራጭ የየራሱን ነገር ይናገራል።

«ዲቢ» የመከላከያውን ዘዴ ያመለክታል። ዲ ፍንዳታ ቻይ ሳጥን ነው፤ ውስጡ ቢፈነዳም እሳቱ በመጋጠሚያው ቀጭን ክፍተት ሲያልፍ ቀዝቅዞ ውጭ ያለውን ጋዝ አያቀጣጥልም። ኢ ከመጀመሪያውም ብልጭታና ከልክ ያለፈ ሙቀት እንዳይፈጠር የተጠናከረ አሠራር ነው። አይ ጉልበቱ እጅግ ከማነሱ የተነሳ ቢነካካም የማያቀጣጥል የመለኪያ መስመር ነው። ቲ ደግሞ ብናኝ የማያስገባና ገጹ ከልክ በላይ የማይሞቅ ሳጥን ነው።

«ሁለት-ቢ» የጋዙ ቡድን ነው። ሁለት-ኤ ፕሮፔን፣ ቤንዚንና ሄክሳን ያሉበት፣ ሁለት-ቢ ኤቲሊን ያለበት፣ ሁለት-ሲ ሃይድሮጅንና አሴቲሊን ያሉበት ነው። የሁለት-ሲ ዕቃ ለሁሉም ይሆናል፤ የሁለት-ኤ ዕቃ ግን ለሁለት-ቢ አይሆንም። ኤታኖል ድንበሩ ላይ የሚገኝ ነው፤ ነበልባሉ ሊያልፍበት የማይችለው ክፍተት 0.89 ሚሊ ሜትር ስለሆነ (ድንበሩ 0.9 ነው) ሁለት-ቢ ውስጥ ይመደባል። ስለዚህ አልኮል የሚጣራበት ወይም የሚከማችበት ቤት ለማደያ የተገዛ የሁለት-ኤ መብራት አይገባበትም። ለብናኝ ሦስት-ኤ የሚቀጣጠል ጭረትና ክር፣ ሦስት-ቢ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ብናኝ፣ ሦስት-ሲ የሚያስተላልፍ ብናኝ ነው። የስንዴ፣ የበቆሎና የጤፍ ዱቄት ሦስት-ቢ ውስጥ ይገባሉ።

«ቲ4» የዕቃው በጣም የሚሞቀው ገጽ የሚደርስበት ጣሪያ ነው። ቲ1 450፣ ቲ2 300፣ ቲ3 200፣ ቲ4 135፣ ቲ5 100፣ ቲ6 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከኑግ ወይም ከአኩሪ አተር ፋጉሎ ቀሪውን ዘይት በሄክሳን የሚያወጣ ፋብሪካ ቢያንስ ቲ3 ይፈልጋል፤ ሄክሳን 225 ዲግሪ አካባቢ በራሱ ይቀጣጠላልና። ለብናኝ ዕቃ ይህ የሙቀት ክፍል (የጣሪያው ደረጃ) በቁጥር ሳይሆን በቀጥታ ሙቀቱ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «ቲ135 ዲግሪ»።

መጨረሻ ላይ ያለው «ጂቢ» የጥበቃ ደረጃው ነው። ጂኤ ለዞን 0፣ ጂቢ ለዞን 1፣ ጂሲ ለዞን 2፤ ለብናኝ ዲኤ፣ ዲቢ፣ ዲሲ በተራ ለ20፣ 21፣ 22 (ይህ ዲቢ የመከላከያ ዘዴውን ከሚያመለክተው ከላይኛው ዲቢ የተለየ ነው)። ከፍ ያለው ደረጃ ዝቅ ባለው ዞን ይሠራል፤ የተገላቢጦሹ አይሠራም። የጂ ደረጃ ያለው ዕቃ ከእነዚህ የብናኝ ደረጃዎች አንዱ ካልተጨመረበት ለዱቄት አልተፈተነም። የማደያ መብራት ወስዶ ዱቄት ክፍል ውስጥ መስቀል የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም።

ሰሌዳው ላይ የአካባቢ ሙቀት ካልተጻፈ ከዜሮ በታች 20 እስከ ከዜሮ በላይ 40 ዲግሪ ማለት ነው።

ሰርተፊኬቱን ማጣራት

ከአስመጪው የሰርተፊኬቱን ሙሉ ቅጂ ይጠይቁ፤ የመጀመሪያው ገጽ ብቻ አይበቃም። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ።

በመጀመሪያ ቁጥሩን ከሰሌዳው ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ። በቁጥሩ መጨረሻ «ኤክስ» የምትባለው የላቲን ፊደል ብቻዋን ካለች ልዩ የአጠቃቀም ሁኔታ አለ ማለት ነው፤ ሁኔታው ሰርተፊኬቱ ውስጥ ተዘርዝሮ ይገኛል። «ገጹን በደረቅ ጨርቅ አይወልውሉ»፣ «ቡሎኖቹ ይህን ያህል ጥንካሬ ይኑራቸው»፣ «ገመዱ ቢያንስ 80 ዲግሪ የሚችል ይሁን» ዓይነት ነው። ብዙ ሰው ይህን ገጽ ሳያነብ ያልፈዋል፤ ጥፋት የሚጀምረውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ቁጥሩ በ«ዩ» ካበቃ ደግሞ የተመሰከረለት መለዋወጫ ክፍል ብቻ ነው። ባዶ ሳጥን በ«ዩ» ሰርተፊኬት ገዝቶ ውስጡ ኮንታክተርና ብሬከር ገጥሞ «ኤክስ ፓኔል» ብሎ መሸጥ አይቻልም፤ ሙሉው ፓኔል የራሱ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል።

ቀጥሎ የአይኢሲኢኤክስ (አይኢሲ ኤክስ ዕቃ የሚያስመሰክርበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት) ሰርተፊኬት ከሆነ በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን ይፈልጉ። መዝገቡ ለሁሉም በነፃ ክፍት ነው። ሰርተፊኬቱ የሚሠራ፣ የታገደ ወይም የተሰረዘ መሆኑን ያሳያል፤ በአስመጪው እጅ ያለው ቅጂ የቆየ እትም ሊሆን ይችላል። መዝገቡ ላይ የማይገኝ ቁጥር ይዞ የመጣ ሻጭ ጋር ክርክር አያስፈልግም፤ ዕቃውን አይግዙ።

የአውሮፓው አቴክስ ሥርዓት ከሆነ (አሁን የሚሠራበት መመሪያ 2014/34 ከሚያዝያ 20 ቀን 2016 በአውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ነው) ሰሌዳው ላይ ስድስት ማዕዘን ውስጥ የተጻፈ ኤክስ፣ የዕቃው ቡድንና ምድብ፣ «ሲኢ» (የአውሮፓን ሕግ ያሟላል የሚል ምልክት) እና ከጎኑ አራት አሃዝ ያገኛሉ። አራቱ አሃዞች የፋብሪካውን የምርት ጥራት የሚቆጣጠረው አካል መለያ ናቸው። ለዞን 1 የቀረበ የኤሌክትሪክ ዕቃ «ሲኢ» ብቻ ይዞ አራት አሃዙ ከሌለ ይጠርጥሩ። ለዞን 2 የሚሆነው ምድብ 3 ግን አምራቹ በራሱ ማረጋገጫ ስለሚያቀርበው አሃዝ ላይኖረው ይችላል። ከቻይና የሚመጡ ብዙ ዕቃዎች ከአይኢሲው ጋር የተቀራረበውን የቻይናን ጂቢ/ቲ 3836 ስታንዳርድ ይከተላሉ፤ ሰርተፊኬቱ ግን የቻይና ብቻ ከሆነ እዚያው በሰጠው አካል መዝገብ ማጣራት ይኖርብዎታል።

በመጨረሻ ሞዴሉን ያረጋግጡ። ሰርተፊኬቱ አንድ የሞተር ቤተሰብ ሲሸፍን የእርስዎ መጠን ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን፣ ቮልቴጁና 50 ኸርዙ መመዝገቡን ይዩ።

ከፍታው የሚለውጠው

የእነዚህ ሰርተፊኬቶች ሁሉ መነሻ የሆነው አይኢሲ 60079-0 መደበኛ የሚለው አየር ከ80 እስከ 110 ኪሎፓስካል ግፊት ያለው ነው። በመደበኛው ስሌት 80 ኪሎፓስካል የሚገኘው 1,950 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከዚህ የግፊት ክልል ውስጥ ናት። ፍኖተ ሰላም ድንበሩ ጥግ ላይ ናት። ቡሬ፣ ዳንግላ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ሞጣ፣ እንጅባራ ከድንበሩ በላይ ናቸው። በደብረ ማርቆስ 2,450 ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ 75 ኪሎፓስካል ይወርዳል። እንግዲህ ሰርተፊኬቱ ምንም ሳይመረመር ለደብረ ማርቆስ የተገዛ ሞተር የሚሠራው ከተመሰከረለት የግፊት ክልል ውጭ ነው።

ይህ ማለት ዕቃው ሁሉ አደገኛ ነው ማለት አይደለም፤ የቱ እንደሚከብድና የቱ እንደሚቀል መለየት ያስፈልጋል። ለፍንዳታ ቻይ ሳጥን ዝቅተኛ ግፊት ይጠቅማል፤ ውስጥ የሚፈጠረው የፍንዳታ ግፊት ከመነሻው ግፊት ጋር አብሮ ስለሚቀንስ ሳጥኑ የሚሸከመው ጫና ያንሳል። ችግሩ በሌሎች አራት ነገሮች ላይ ነው።

አንደኛው የሞተር ሙቀት ነው። የሳሳ አየር ሙቀት አይወስድም። የሞተር ስታንዳርድ አይኢሲ 60034-1 ሞተሩ እስከ 1,000 ሜትርና እስከ 40 ዲግሪ ሙሉ ጉልበቱን እንደሚሰጥ ያስባል። ከዚያ በላይ ሲወጡ የሚፈቀደው የአካባቢ ሙቀት ይወርዳል። የመጠምጠሚያው ሙቀት የመቻል ደረጃ ኤፍ ከሆነና ሙቀቱን እስከ ጥግ የሚጠቀም ከሆነ 2,000 ሜትር ላይ 30፣ 3,000 ላይ 19 ዲግሪ ነው፤ በደብረ ማርቆስ ከፍታ 25 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ቀዝቃዛ ናት ተብሎ ይታለፋል፤ የወፍጮ አዳራሽ ውስጥ ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር ከ25 ዲግሪ ማለፍ ቀላል ነው። በዚያን ጊዜ ሞተሩ ራሱ ባይቃጠል እንኳ ሰሌዳው ላይ ያለው ቲ4 ዋስትናውን ያጣል። መፍትሔው ጉልበቱን መቀነስ ነው፤ በተለምዶ በዚህ ከፍታ ከ5 እስከ 12 በመቶ ይደርሳል፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን ከአምራቹ ሠንጠረዥ ይወሰዳል። 15 ኪሎዋት የሚያስፈልገው ኤሌቬተር ላይ 18.5 ኪሎዋት ሞተር ማዘዝ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ይዘጋዋል።

ሁለተኛው የነዳጅና የአልኮል ትነት ነው። ፈሳሽ በዝቅተኛ ግፊት በቀላሉ ይተናል፤ ስለዚህ ትነቱ ብልጭታ ሲያገኝ ሊቀጣጠል የሚጀምርበት ሙቀት ይወርዳል። ቤተ ሙከራዎች የሚጠቀሙበት ማስተካከያ ለእያንዳንዱ የጎደለ ኪሎፓስካል 0.25 ዲግሪ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ከባሕር ጠለሉ 101 የጎደለው 26 ስለሆነ 6.5 ዲግሪ ይሆናል። ቤተ ሙከራ ውስጥ 55 ዲግሪ የተባለ ናፍጣ እዚህ 48.5 ላይ ይጀምራል። ንጹሕ ኤታኖል በባሕር ጠለል 12 ወይም 13 ዲግሪ ነው፤ እዚህ 6 አካባቢ ይወርዳል። «ሌሊት ስለሚበርድ የአልኮል መጋዘኑ አይሰጋም» የሚለው ግምት በደጋው አይሠራም።

ሦስተኛው የጋዝ ጠቋሚ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ የሚለኩት የጋዙን ድርሻ ሳይሆን በአየር ውስጥ ያለውን የጋዝ ብዛት ስለሆነ በሳሳ አየር ዝቅ አድርገው ያነባሉ። በባሕር ጠለል ተስተካክሎ የመጣ መሣሪያ ደብረ ማርቆስ ላይ ከእውነቱ ሩብ ያህል ሊያጎድል ይችላል። በቦታው፣ በመለኪያ ጋዝ ማስተካከል ግዴታ ነው።

አራተኛው በሽቦ ጫፎች መካከል ያለው ርቀት ነው። የሳሳ አየር ኤሌክትሪክን በደንብ አያግድም። እስከ 2,000 ሜትር የተሰላ የአየር ክፍተት 3,000 ላይ በ1.14 ማደግ አለበት። በኤክስ ኢ ሳጥን ውስጥ ይህ በቀጥታ ይመለከትዎታል፤ የውጭው ፓኔል ውስጥ ያሉት ብሬከርና ኮንታክተሮችም ከ2,000 ሜትር በላይ የራሳቸው መቀነሻ አላቸው።

ስለዚህ ትዕዛዙ ላይ ይህን ጽፈው ይላኩ፦ የቦታው ስም፣ ከፍታው በሜትር፣ ግፊቱ በኪሎፓስካል፣ የክፍሉ ከፍተኛ ሙቀት፣ ጋዙ ወይም ብናኙ፣ ዞኑ። አምራቹ ዕቃው በዚህ ሁኔታ የሙቀት ክፍሉን እንደሚጠብቅ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥ ይጠይቁ። የሽያጭ ወኪል በስልክ «ችግር የለውም» ማለቱ ማረጋገጫ አይደለም።

ዱቄት ክፍል ውስጥ

ዱቄት በአየር ውስጥ ሲበተን በአንድ ኪዩቢክ ሜትር 50 ግራም አካባቢ ሲደርስ ሊፈነዳ ይችላል። በዚህ መጠን የተበተነ ዱቄት አጠገብ ያለን መብራት ስለሚሸፍን በተለምዶ የሚገኘው በማሽን ውስጥ ነው። አዳራሹን የሚያፈርሰው ግን ሁለተኛው ፍንዳታ ነው፤ የመጀመሪያው ትንሽ ፍንዳታ በአግዳሚና በገመድ መሄጃ ላይ ያረፈውን ዱቄት አንስቶ አዲስ ደመና ይሠራል። የማሽኑ ቀለም በዱቄቱ ሥር ካልታየ ክፍሉ መጽዳት አለበት። ማጽዳት ሲባል ግን በመጥረግና በመምጠጫ ነው፤ በኮምፕረሰር አየር መንፋት ደመናውን በገዛ እጅ መፍጠር ነው።

የሞተር ገጽ ሙቀት እንዲህ ይሰላል። ከዱቄትዎ የቤተ ሙከራ ሪፖርት ሁለት ቁጥር ይወስዳሉ፤ ደመናው የሚቀጣጠልበትና 5 ሚሊ ሜትር ንብርብር የሚቀጣጠልበት ሙቀት። ሪፖርቱ 390 እና 310 ቢል፣ የመጀመሪያው ሁለት ሦስተኛ 260 ይሆናል፤ ከሁለተኛው 75 ሲቀነስ 235 ይሆናል። ትንሹ ይወሰዳል፤ ስለዚህ የትኛውም ገጽ ከ235 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ይህ የሚሠራው ንብርብሩ ከ5 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ነው። ሞተሩ ላይ ሦስት ጣት የሚደርስ ዱቄት ከተከመረ ከሥሩ ያለው ሙቀት መውጫ ያጣል፤ የሚፈቀደውም ሙቀት በጣም ይወርዳል።

የሳጥኑ መዘጋትም ይመረመራል። የመዘጋቱ መለያ (አይፒ) በዞን 20 እና 21 በአይፒ6፣ በዞን 22 ለዱቄት በአይፒ5 የሚጀምር መሆን አለበት። ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለውም አይረሳ፤ የኤሌቬተር ኩሽኔታ ሲደርቅ፣ ቺንጋ ከመስመሩ ወጥቶ ላሜራውን ሲፍቅ፣ ከእህሉ ጋር የገባ ብረት ሲመታ የሚፈጠረው ሙቀትና ብልጭታ ለማቀጣጠል ይበቃል። መግቢያው ላይ ማግኔት፣ ኩሽኔታው ላይ የሙቀት ጠቋሚ፣ የቺንጋው ጎን ላይ የመስመር ጠቋሚ ይገጠሙ፤ ጠቋሚዎቹም ራሳቸው ለዞኑ የተመሰከረላቸው ይሁኑ። ለእንዲህ ያለው መካኒካዊ ዕቃ የሚያገለግለው ስታንዳርድ አይኤስኦ 80079-36 ሲሆን ምልክቱ «ኤክስ ኤች» ነው።

የመንደር ወፍጮ ቤትም ከዚህ አይወጣም። በር ክፍት መሆኑ ይረዳል፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ከወፍጮው ራስ አጠገብ አንስቶ ውጭ ግድግዳ ላይ ማድረግና ጣሪያ ሥር የተጠራቀመውን ዱቄት በየሳምንቱ ማውረድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

መትከል

ጥሩ ዕቃ በመጥፎ አተካከል ይበላሻል፤ በምርመራ ላይ አብዛኛው ጉድለት የሚገኘውም ኬብሉ ሳጥኑ ውስጥ በሚገባበት ቦታ ነው። ግላንዱ (ኬብሉን ሳጥኑ ላይ አጥብቆ የሚይዘው መግቢያ) የሳጥኑን ዓይነት፣ የኬብሉን የውጭ ውፍረትና ጥርሱን (የጥርስ ልኩን) መግጠም አለበት። ፍንዳታ ቻይ ሳጥን ላይ የሚገባ ግላንድ ቢያንስ አምስት ሙሉ ጥርስ መያዝ አለበት። ጥርሱ የማይመጣጠን ከሆነ የተመሰከረለት አንድ መቀየሪያ ብቻ ይጠቀሙ፤ መቀየሪያ በመቀየሪያ ላይ አይደራረብም። ኬብሉ ክብ፣ ጠንካራና ውስጡ የተሞላ ካልሆነ፣ ወይም ከ3 ሜትር ካጠረ፣ በሙጫ የሚሞላው ግላንድ ያስፈልጋል። ያልተጠቀሙበት ቀዳዳ በተመሰከረለት ብረት መክደኛ ይዘጋል፤ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ሲሊኮን ወይም ከግላንዱ ጋር የመጣው የፕላስቲክ ቆብ አይሆንም።

የፍንዳታ ቻይ ሳጥን መጋጠሚያ ገጽ እጅግ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀለም አይቀባም፣ በፋይል አይሞረድም፣ አምራቹ ያላስቀመጠው ጉሚኒ አይገባበትም። የማይደርቅ ግራሶ ስስ አድርጎ መቀባት ይቻላል። የጎደለ ቡሎን በገበያ ቡሎን አይተካም፤ ጥንካሬው ሰርተፊኬቱ ላይ ከተጻፈው እኩል መሆን አለበት። መጋጠሚያው ከግድግዳ፣ ከቱቦ ወይም ከብረት አግዳሚ ለሁለት-ኤ ቢያንስ 10፣ ለሁለት-ቢ 30፣ ለሁለት-ሲ 40 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ የሚወጣው ጋዝ ተመልሶ ክፍተቱ ላይ ይሞቃል።

ኤክስ ኢ ሞተር ሲጫን ሰሌዳው ላይ ያለውን «ቲ ኢ» ጊዜ ይፈልጉ። ሞተሩ ቆልፎ ቢቆም ሙቀቱ ከልክ ሳያልፍ የሚታገሥበት ጊዜ ነው፤ ከ5 ሰከንድ አያንስም። የኦቨርሎድ መከላከያው ከዚህ ጊዜ በፊት መቁረጥ አለበት። በእኛ መስመር ላይ ይህ ወሳኝ ነው፤ አንድ ፌዝ ሲጎድል ወይም ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ አምፔር ይስባል፣ ይሞቃል። ፌዝ መጉደልን የሚቆርጥ መከላከያ ያልተገጠመለት ኤክስ ኢ ሞተር መሥራት የለበትም። ኢንቨርተር የሚነዳው ሞተር ደግሞ ከኢንቨርተር ጋር እንዲሠራ የተመሰከረለት መሆኑ በሰርተፊኬቱ ላይ መጻፍ አለበት።

ኤክስ አይ መስመር ላይ ስሌቱን በወረቀት ያስቀምጡ። የመስመሩን ጉልበት የሚገድበው መከላከያ (ባሪየር) የሚያወጣው ቮልቴጅ፣ አምፔርና ዋት ከመለኪያው መግቢያ ገደብ መብለጥ የለባቸውም፤ የመለኪያውና የኬብሉ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም) ድምር ደግሞ መከላከያው ከሚፈቅደው ማነስ አለበት። መከላከያው 28 ቮልት፣ 93 ሚሊ አምፔር፣ 0.65 ዋት፣ 83 ናኖፋራድ ቢል፤ መለኪያው 30 ቮልት፣ 100 ሚሊ አምፔር፣ 0.75 ዋት ከቻለና 10 ናኖፋራድ ካለው ቮልቴጁ፣ አምፔሩና ዋቱ ያልፋሉ። 150 ሜትር ኬብል፣ ልኩ ካልታወቀ በሜትር 200 ፒኮፋራድ ተብሎ፣ 30 ናኖፋራድ ይሆናል። ድምሩ 40 ነው፤ ይሠራል። ኢንዳክታንሱም በዚሁ መንገድ በሜትር 1 ማይክሮሄንሪ ተብሎ ይፈተሻል። ኬብሉ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሁን፤ ጫፎቹም ከሌላው መስመር ጫፍ ቢያንስ 50 ሚሊ ሜትር ይለዩ።

ማደያ ላይ አንድ ነገር ደጋግሞ ይረሳል። ከመቅጃ ማሽኑ ወደ ቢሮው የሚሄደው የኬብል ቱቦ ሁለቱም ጫፍ ካልታሸገ የቤንዚን ትነት በቱቦው ተጉዞ ተራ ፓኔል ያለበት ክፍል ይደርሳል። ቢሮው ዞን አይደለም ተብሎ ተራ ዕቃ የተገጠመበት ስለሆነ አደጋው የከፋ ነው።

ምድር ሽቦና ወቅት

ማናቸውም የብረት አካል፣ ታንክ፣ ቱቦ፣ የኤሌቬተር እግር፣ እርስ በርስ ተያይዞ ከምድር ጋር ይገናኝ። የነዳጅ ቦቴ ከመራገፉ በፊት የማያያዣው ገመድ ይገጠማል፤ ቧንቧው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ለስታቲክ (በመፋተግ ለሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) ብቻ ቢሆን አንድ ሜጋኦም ይበቃ ነበር፤ ብረት ከብረት የሚያያዝ መስመር ግን ከ10 ኦም በታች ካልተነበበ የላላ ወይም የዛገ መጋጠሚያ አለ።

በጎጃም ጥቁር አፈር (መረሬ) ላይ የተተከለ የምድር ዘንግ በክረምት ጥሩ ይነበባል፤ በበጋ አፈሩ ተሰንጥቆ ከዘንጉ ይለያል። ስለዚህ ልኬቱን በሚያዝያ ይውሰዱ፤ የነሐሴ ልኬት ያታልላል። በክረምቱ መጀመሪያና መጨረሻ መብረቅ ስለሚበዛ የመብረቅ መከላከያውም ከዚሁ ጋር ይፈተሻል።

በክረምት ሳጥን ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል፤ ቀን ሞቆ ሌሊት ሲበርድ እርጥብ አየር ይስባል። ውኃውን ለማውጣት በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ማውጣት ሰርተፊኬቱን ይሽረዋል። የተመሰከረለት የውኃ ማስወገጃ ይገዛል፣ ወይም ከመጀመሪያው ከዕቃው ጋር ይታዘዛል።

የተቃጠለ ሞተር

ኤክስ ሞተር ተቃጥሎ ወደ ተራ ጠምዛዥ ከሄደ ተመልሶ የሚመጣው ተራ ሞተር ነው። የሽቦው ውፍረት፣ የጥምጥሙ ብዛት፣ የመጋጠሚያው ክፍተት ሳይለካ በማሸጊያ ተቀብቶ ይመለሳል፤ ሰሌዳው ግን አሁንም «ኤክስ» ይላል። ይህ ከሌላው ሁሉ የከፋ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ኤሌክትሪሺያን ሰሌዳውን አምኖ ይሠራልና። ጥገናው በአይኢሲ 60079-19 መሠረት መሆን አለበት። በዚያ ሥርዓት የጠገነ ቤት በራሱ ሰሌዳ ላይ ምልክት ያስቀምጣል፤ በአራት ማዕዘን ውስጥ ያለ «አር» እንደ አምራቹ ሰነድ ተጠግኗል ማለት ነው፤ በተገለበጠ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለው ስታንዳርዱን ያሟላል፣ ከመጀመሪያው ሰርተፊኬት ግን ሊለይ ይችላል። እንዲህ ያለ ቤት ካልተገኘ ሞተሩን በሌላ ይተኩ። የተጠመጠመውን ከዞን ውጭ ለመጠቀም ከወሰኑ የኤክስ ሰሌዳውን ነቅለው ይጣሉ።

የመብራት አምፖልም እንዲሁ ነው። ኤክስ መብራት ውስጥ ያለውን አምፖል በሌላ ዓይነት ወይም በበለጠ ዋት መለወጥ፣ በኤልኢዲ መተካት እንኳ፣ የሙቀት ክፍሉን ይሰርዛል።

ፋብሪካው ራሱ ሠርቶ ማስመስከር ቢፈልግ

በአካባቢው ብረታ ብረት ቤት የተሠራ ሳጥን ወይም ፓኔል ለሽያጭ ወይም ለዞን 1 አገልግሎት የሚውል ከሆነ መንገዱ ይህ ነው፦ ሙሉ ንድፍና የክፍሎች ዝርዝር፣ ናሙና፣ እውቅና ባለው ቤተ ሙከራ የሚደረግ ሙከራ፣ ከዚያም የማምረቻ ቤቱ የጥራት ግምገማ። በአይኢሲኢኤክስ ሥርዓት የሙከራ ሪፖርቱና የጥራት ግምገማው ሪፖርት ተሟልተው ሰርተፊኬቱ ይወጣል። ለአንድ ብቻ ለሚሠራ ዕቃ የነጠላ ዕቃ ማረጋገጫ የሚባል አማራጭ አለ። ከዚያ በኋላ ንድፉ ላይ አንድ ቀዳዳ እንኳ ሲጨመር ለሰርተፊኬት ሰጪው ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ምርመራ

ተከላው እንዳለቀ፣ ኃይል ከመለቀቁ በፊት፣ እያንዳንዱ ዕቃ ተከፍቶ በዝርዝር ይመረመራል። ቀጣዩ ጊዜያዊ ምርመራ በአይኢሲ 60079-17 መሠረት ከሦስት ዓመት አይዘልም፤ በእጅ የሚያዝ ዕቃ (የእጅ ባትሪ፣ ሬዲዮ፣ መለኪያ) ቢያንስ በየዓመቱ፣ ባትሪ ለመለወጥ ዘወትር የሚከፈት ደግሞ በየስድስት ወሩ ይታያል። ዱቄት ፋብሪካ ላይ ግን ሦስት ዓመት መጠበቅ አይመከርም። አንዴ ክረምቱ ሲወጣ፣ አንዴ ምርት ገብቶ ወፍጮው ሌትና ቀን ከመሥራቱ በፊት ማየት ይሻላል።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ገጽ ይኑረው፦ የሚገኝበት ቦታና ዞን፣ የሰሌዳው ሙሉ ጽሑፍ፣ የሰርተፊኬት ቁጥር፣ ልዩ ሁኔታ ካለ ዝርዝሩ፣ የከፍታ ማረጋገጫው ደብዳቤ፣ የተመረመረበት ቀን፣ የተገኘው ጉድለት፣ ያረመው ሰው ፊርማ። መርማሪው የሚከተሉትን ካየ ዕቃው ያኔውኑ ኃይሉ ተቆርጦ ይቆለፋል፦ የተሰነጠቀ መስተዋት፣ የጎደለ ቡሎን፣ በእጅ ሲነካ የሚዞር ግላንድ፣ ክፍት ቀዳዳ፣ የማይነበብ ሰሌዳ፣ የተቆረጠ የምድር ሽቦ፣ ፓኔሉ ላይ ከሰሌዳው አምፔር በላይ የተስተካከለ ኦቨርሎድ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ የሚገኘው «ሞተሩ እየቆረጠ አስቸገረን» ከተባለበት መስመር ላይ ነው፤ ቁልፉን ወደ ላይ ከማዞር በፊት ለምን እንደሚቆርጥ፣ ኩሽኔታው ደርቆ፣ ፌዝ ጎድሎ ወይም ሞተሩ ለከፍታው አንሶ እንደሆነ፣ ይፈለግ።